ለጸሐፊው የተሰጠ ወንበር

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ከእናታችን ቀጥላ ላሳደገችኝ፣

እትዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጤናሽ እንዴት ነው የምልሽ ለወጉ ያህል አይደለምና ተመስገን ነው ብለሽ እንዳታልፊው። እህል ይረጋልሻል ወይ? እንቅልፍስ? ያ ከጎድንሽ በታች የሚወጋሽ ነገር ቀነሰልሽ? ወንድም ጋሼን በስልክ ባገኘሁት ቁጥር ጨጓራ ነው፣ መድኃኒቱ ተስማምቷታል፣ አሁን ተኝታለች ይለኛል። አንቺ ደግሞ ቀን የምትተኚ ሰው ሆነሽ አላውቅም። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ከማለቱ በቀር የጎደለብኝ የለም።

ይህን ደብዳቤ በልብስ ሰፊዋ ጎረቤትሽ እጅ የላክሁልሽ ለብቻሽ እንድታነቢው ብዬ ነው። ስልኩን አንቺ አታነሺውማ። ደግሞ አውቅሻለሁ፣ አሁን ወረቀቱን ገልብጠሽ መጨረሻውን ለማየት ይዳዳሻል። ተይ፣ በቅደም ተከተሉ አንብቢው። ልጅሽ በሕይወት አለች፣ በጤናም አለች፤ የቀረውን ቀስ ብዬ ልንገርሽ።

ሥራዬን በሰማሽ ቁጥር፣ ማንበብና መጻፍ ሳይችሉ ነው እንዴ ኮሌጅ የገቡት እያልሽ ትስቂብኝ የለ? የማስተምረው በእርግጥ ይህንኑ ነው። አንድን ጽሑፍ አንብቦ ጸሐፊው ምን እንዳለ መለየት፣ ያንን በራስ ቃል መናገር፣ አልስማማም ማለት፣ የሰውን ቃል ሲወስዱ ደግሞ በትእምርተ ጥቅስ አጥሮ የማን እንደሆነ መጻፍ። ልጅሽ ባለፈው ዓመት ክፍሌ ውስጥ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ይህን ሁሉ ተምራለች። ተምራለች ስልሽ ሸምድዳዋለች ማለቴ ነው። የትእምርተ ጥቅስ ጥቅም ምንድን ነው ብትያት እኔ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን፣ ከነ ርዕሱ፣ አንድ ቃል ሳትጥል ትነግርሻለች።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ሰሌዳ እየጠረግኩ ሳለ የዲኑ ቢሮ ተላላኪ መጣና የእህትሽ ልጅ ፈተና ላይ በኩረጃ ተከሳለች፣ ነገ ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች፣ አንቺንም ይፈልጉሻል አለኝ። ኮሌጃችን በኩረጃ ቀልድ አያውቅም። በእጅጌውም በካልሲውም አጤሬራ ደብቆ የገባ ተማሪ፣ ነርስ ለመሆን አንድ ዓመት ይቅረው አንድ ቀን፣ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል፤ ተመልሶ የሚገባበት በር የለም። አንድ የተማሪ ወንበር ላይ ዘፍ አልኩ። ተላላኪው ውሃ ላምጣልሽ እስኪለኝ ድረስ የት እንዳለሁም አላወቅኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሙያ ሥነ ምግባር የሚያስተምራቸው ሰውዬ አለ፤ ተማሪዎቹ ራዳር ይሉታል፣ ጀርባውን ሰጥቶም ያያል እያሉ። ለፈተናው እንዲዘጋጁበት ሁለት ገጽ ንባብ በፎቶ ኮፒ አባዝቶ ሰጣቸው። ጸሐፊው የሚለው፣ ሰው በጠና ሲታመም ሐኪሙ ለቤተሰቡ ቢናገር ይበቃል፣ ቤተሰቡ ለታማሚው የማይነግረው ከፍቅር ነው፣ ነርሷም ያንን ምስጢር መጠበቅ አለባት ነው። ፈተናው ላይ ደግሞ ንባቡን ሳትይዙ የራሳችሁን አቋም አስረዱ ብሎ ጠየቃቸው። ልጅሽ አቋሟን አልጻፈችም። ሁለቱን ገጽ ራሱን ጻፈችው፤ ነጠላ ሰረዝ ሳትስት።

ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ የመጀመሪያውን ገጽ የመጨረሻ መስመር ቆርጦታል። ገጹ ግርጌ ላይ፣ ቤተሰቡ ይህን ሸክም በሚሸከምበት ጊዜ ታማሚው፣ ይልና ያበቃል። ታማሚው ምን እንደሚሆን አይታወቅም። ልጅሽም፣ ታማሚው፣ ብላ ጽፋ አራት ነጥብ እንኳ ሳታደርግ ወደሚቀጥለው አንቀጽ አልፋለች። የራዳር ክስ እዚህ ላይ ነው። የሚያስብ ሰው ከትውስታው ሲጽፍ ዓረፍተ ነገሩን እንደምንም ይቋጨዋል፣ ወረቀቱ የቆመበት ቦታ ላይ የሚቆመው ከዴስክ ሥር እያየ የሚገለብጥ እጅ ብቻ ነው አለ። ለማንም ሰው ቢነገር አሳማኝ ነው።

እኔን ግን አላሳመነኝም፤ ልጅቷን ያሳደግሻት አንቺ ነሻ! ከትምህርት ቤት ስትመለስ ያ ሰማያዊ ቀለም የተቀባው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠሽ መጽሐፉን ትይዣለሽ። እሷ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ቆማ በቃሏ ታወርደዋለች። ጣትሽ መስመር በመስመር ይከተላታል። አንዲት «እና» ከዋጠች ከላይ ጀምሪ ነው። አንድ ጊዜ እንዲያውም የገጹን ቁጥር ሳትል በማለፏ ስትመልሻት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጎረቤቶችሽም ይህች ልጅ ቴፕ ናት ይሉ ነበር። አልወቅስሽም፣ እኛንም አባባ እንዲሁ ነው ያሳደገን፣ ደግሞም በዚያው ሽምደዳ ከክፍሏ አንደኛ እየወጣች እዚህ ደርሳለች። ልጅሽ ገጹ ላይ ያየችውን እንዳለ ትይዛለች እንጂ የተቆረጠ ዓረፍተ ነገር አገኘሁ ብላ ከራሷ አትሞላውም። ግን ይህን ለማያውቁን ሰዎች እንዴት አድርጌ ላስረዳ?

ኮሚቴው የተሰበሰበው በድሮው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ጥግ ላይ የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ አለ፣ ቧንቧው ጠብ ጠብ ይላል፤ ማንም ሊዘጋው አልተነሳም። ሰብሳቢው ጡረታቸው የደረሰ የአናቶሚ መምህር ናቸው፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፣ እሱ ነው የሚያስፈራው። አክስቷ ስለሆንኩ ሲጠይቁኝ ብቻ እንድመልስ አዘው ከጠረጴዛው ጫፍ አስቀመጡኝ። ልጅሽ መሃል ላይ ቆማለች። ለእረፍት እናንተ ዘንድ መጥታ ከተመለሰች ወዲህ ከስታለች፣ ሰውም አታናግርም ነበር፤ እኔ ሞኟ ፍቅር ይዟት ይሆናል ብዬ በሆዴ እስቅባት ነበር። ያን ቀን ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር።

ወረቀት ይዘሽ ገብተሻል ወይ አሏት፤ አልያዝኩም አለች። ታዲያ ይህ ከየት መጣ አሏት፤ ከጭንቅላቴ አለች። ራዳር ሳቀ። የፌዝ ሳቅ ነው፣ ጉሮሮው ውስጥ ይቀራል። ሰብሳቢው ወደኔ ዞረው፣ ይህችን ልጅ ያስተማርሽው ምንድን ነው አሉኝ። ያስተማርኳትን ትተው እሷን እንድታወርደው ይጠይቋት፣ እዚሁ፣ ባዶ እጇን አልኳቸው። እንደ እብድ አዩኝ። ራዳር ወረቀቱን አወጣና ጀምሪ አላት።

እጇን ወደ ኋላ አደረገች፣ እትዬ። እዚያ ቦታ እንዳለሽ ሆነሽ ታየሽኝ። ከርዕሱ ጀመረች። ራዳር በጣቱ ተከተላት፤ መጀመሪያ ፊቱ ላይ ያ ሳቅ ነበር፣ ከአንቀጽ አንቀጽ እየደበዘዘ ሄደ። ታማሚው፣ የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ትንፋሽ ወሰደች፤ ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈች። የራዳር ጣት ወረቀቱ ግርጌ ላይ ቀረ። አንዲት ቃል ሳትስት ጨረሰችው። ከደስታዬ ብዛት ላጨበጭብ እጄን አንስቼ ነበር፣ ሰብሳቢውን አይቼ ፀጉሬን አስተካከልኩበት።

ደስታዬ ግን ዕድሜ አልነበረውም። ራዳር ወረቀቱን አጥፎ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ አጤሬራ አልያዘችም፤ ግን ለምኑ ነው ነጥብ የምሰጣት? እኔ የጠየቅኳት የሷን ሐሳብ ነው፣ እሷ የሰጠችኝ የሰውዬውን ነው፣ ስሙን አልጠራችም፣ በጥቅስ አላጠረችም፣ የሌላን ሰው ሥራ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ደግሞ በደንባችን ቅጣቱ ያው ነው አለ። እውነቱን ነው! እኔም ክፍሌ ውስጥ የምለው ይህንኑ ነው። ሰብሳቢው ልጅቷን፣ ለምን የራስሽ አስመሰልሽው አሏት። የመለሰችላቸውን አልረሳውም። ከጭንቅላቴ ስለወጣ የኔ መሰለኝ አለች። ማንም አልሳቀም።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን ሲያጸዱ ቆዩ። በኋላ አንድ ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አኖሩላት። አሁን እዚህ ቁጭ በይና ስለዚህ ጽሑፍ የምታስቢውን ጻፊ፣ አንድ አንቀጽ ይበቃናል፤ የራስሽ የሆነ ነገር ካገኘንበት አለማወቅ ነው እንላለን፣ ፈተናውንም ትደግሚያለሽ፤ ካላገኘን ግን ፋይልሽን ዛሬውኑ ወደ ዲኑ እንልከዋለን አሏት። ሲናገሩ እንደ ሐኪም ረጋ ብለው ነው።

ተቀመጠች። እስክሪብቶውን ያዘች። ቧንቧው ጠብ ይላል። አንድ መስመር ጻፈች፤ ራዳር ከወዲያ ማዶ በግልባጩ አነበበውና፣ ይህ የሱ ነው አላት። ሰረዘችው። ሌላ ጻፈች። ይህም የሱ ነው፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ አለ አላት። እሱንም ሰረዘችው። ከዚያ በኋላ እጇ አልንቀሳቀስ አለ። የሚያውቀው መንገድ ሁሉ የተዘጋበት ሰው እንዴት ቀጥ ብሎ እንደሚቆም አይተሽ ታውቂያለሽ? እንደዚያ ሆነች። በውስጧ የሰው ቃል ሞልቷል፣ የራሷን ግን ማንም ጠይቋት አያውቅም፤ እኔም መምህሯ ጭምር። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ። ይህች ልጅ ወጥታ ቀረች ማለት ነው፣ ለእትዬ ምን ብዬ እነግራታለሁ ብዬ አሰብኩ።

ተናገሪ ሳልባል መናገር ተከልክያለሁ። ወንበር ማንሳት ግን አልተከለከልኩም። ተነሳሁና ግድግዳ ሥር ከተደረደሩት አንዱን ጎትቼ ፊት ለፊቷ አስቀመጥኩት፤ ሲሚንቶው ላይ ሲንቋቋ ሁሉም ደነገጡ። ሰብሳቢው ይህ ለማን ነው አሉኝ። ለጸሐፊው ነው አልኳቸው። ክፍል ውስጥ የማደርገው ነገር ነው። ተማሪ ጽሑፉን ፈርቶ ሲንበረከክለት ለጸሐፊው ወንበር ስጡት እላቸዋለሁ፤ እሱም እንደናንተው ሰው ነው፣ ተቀምጦ የተናገረውን ተቀምጣችሁ መልሱለት እላለሁ። ልጅሽ ይህንንም ሸምድዳው ነበር፣ ተጠቅማበት ግን አታውቅም።

ወንበሩን አየችው። ለረጅም ጊዜ አየችው። በመጀመሪያ ዓይኗ እንባ ያቀረረ መስሎኝ ነበር፣ ኋላ ሳጤነው ንዴት ነው። ያንቺን ንዴት ታውቂው የለ፣ አፍንጫሽ ጫፍ ላይ ነጭ የሚሆነውን? እሱ ራሱ። ከዚያ ጎንበስ ብላ መጻፍ ጀመረች፤ ራዳር አንገቱን አስግጎ ተከታተለ፣ ግን ከዚያ በኋላ የሱ ነው የሚለው ነገር አላገኘም። ስትጨርስ ሰብሳቢው አንብቢው አሏት። ወደነሱ ሳይሆን ወደ ወንበሩ ዞራ አነበበችው። እኔ ሲፈቅዱልኝ በእጄ ገልብጬዋለሁ፤ ቃሉ የሷ ነውና በትእምርተ ጥቅስ አጥሬ እነሆ፦

«አንተ ቤተሰብ የሚደብቀው ከፍቅር ነው ትላለህ። ፍቅር መሆኑን አልክድም። ግን ያየኸው በሩ ውጭ ቆሞ የሚያለቅሰውን ሰው ነው፤ በሩ ውስጥ የተኛችውን አላየሃትም። እኛ ኮሪደር ላይ አልቅሰን፣ ፊታችንን ታጥበን፣ እየሳቅን እንገባለን። እሷ ደግሞ እኛ እንዳናዝን ብላ እያመማት አላመመኝም ትላለች። አንድ ክፍል ውስጥ ሆነን ሁላችንም ለየብቻችን ነን። ልትናገረው የምትፈልገው ነገር ቢኖርስ? ልታየው የምትፈልገው ሰው ቢኖርስ? ጊዜው የሷ ነው፤ እኛ ማን ነንና እንቀማታለን? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። በሽታዋን የደበቁባትስ? እኔ ነርስ ስሆን ታማሚዋን እጠይቃታለሁ፣ ማወቅ እፈልጋለሁ ካለችኝም እጇን ይዤ እነግራታለሁ። ልጅ ሆኜ ግን አቃተኝ።»

ሰብሳቢው ወረቀቱን ተቀብለው እንደገና ለራሳቸው አነበቡት። ምሳሌዋን ጥሩ አድርጋ መርጣለች አሉ። ራዳርም፣ እኔ በሐሳቡ አልስማማም፣ ግን የራሷ ነው፤ ብቻ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከክርክሩ ጋር አትሄድም፣ ብትሰረዝ ይሻላል አለ። መምህር መቼም መምህር ነው። እኔ ግን ምሳሌ ነው ማለታቸው አልተዋጠልኝም፤ ያቺ ትሰረዝ ያላት ዓረፍተ ነገር ጆሮዬ ላይ ቀርታ ነበር። ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት፣ ፈተናውን ትደግማለች፣ የኔንም ኮርስ እንደገና ትወስዳለች ተባለ። አልተባረረችም፣ እትዬ። ልጅሽ ነርስ ትሆናለች።

ኮሪደር ላይ ይዣት ወጣሁ። ማቀፍ ፈልጌ ነበር፣ ግን እንደ እንጨት ደርቃ ቆመች። ይህን ጽሑፍ ስንት ጊዜ አነበብሽው ብዬ ጠየቅኳት። ትክክል ነው ብዬ እስካምነው ድረስ ልሸመድደው ነበር፣ ሁሉም ገባልኝ፣ ማመኑ ብቻ አልሆነልኝም አለችኝ። ማን ናት በሩ ውስጥ የተኛችው አልኳት። መሬት መሬት እያየች፣ አክስቴ፣ አጎቴ አስምሎኛል፣ አትጠይቂኝ አለች። እኔም አልጠየቅኳትም። ዕረፍቷን እናንተ ዘንድ ስታሳልፍ ከወንድም ጋሼ ጋር ሆና ሆስፒታል የወሰደችሽ እሷ እንደነበረች ግን ያኔ ትዝ አለኝ። የጻፍሽውን ለእናትሽ ልላክላት ወይ ስላት፣ ምያለሁ እኮ አለችኝ። እኔ አልማልኩም አልኳት። እሺም እንቢም አላለችኝም፤ የገለበጥኩበትን ወረቀት ግን ከእጄ ልትቀበለኝ አልሞከረችም።

እንግዲህ ማንም የነገረኝ ነገር የለም፣ እኔም የምነግርሽ ነገር የለኝም። ልጅሽ ፈተና ላይ የገጠማትን ነው የጻፍኩልሽ። ወንድም ጋሼን አትቆጪው፤ እሱ የወደደሽ መስሎት ነው፣ የኔና የሱን ጠብ ለኔ ተዪልኝ፣ ስመጣ በደንብ እጨርሰዋለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ያንቺ ጆሮ ግን ባዳ እንዲሆን እኔ አልፈቅድም።

ቀጠሮሽ በሚቀጥለው ሐሙስ ነው አይደል? ሁልጊዜ አንቺ ውጭ አግዳሚው ላይ ትጠብቂና ከሐኪሙ ጋር የሚነጋገረው እሱ ነው። በዚህኛው ግን እሱ ውጭ ይጠብቅ፣ አንቺ ግቢ። ማወቅ ከፈለግሽ ራስሽ ጠይቂው፤ አልፈልግም ካልሽም ያንቺ ፈቃድ ነው፣ ግን አንቺ ያልሽው ይሁን፣ ሌላ ሰው ያለልሽ አይሁን። እኔ ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ ረቡዕ ልጅሽን ይዤ እደርሳለሁ። ኮርሱን እዚያው አልጋሽ አጠገብ አስተምራታለሁ፣ አንቺም ትሰሚናለሽ፣ ከዚያ ትስቂብኛለሽ።

ገብታ ስትስምሽ፣ ካመመሽ አመመኝ በያት። ሌላ ምንም አትበያት፣ ያንን ካልሻት ወዲያ የቀረውን አብራችሁ ትናገሩታላችሁ።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ቀንሽን ያርዝምልኝ፤ የፈራሁትን አያሳየኝ፣ ካሳየኝም ካንቺ አያርቀኝ።

በጀርባሽ አዝለሽ ያሳደግሻት፣ ዛሬም ከጀርባሽ ያልወረደችው ታናሽሽ።